የዴካርት ሞግዚት

«ይሄን ዲሊት አድርጊው፤ ቦሪንግ ነው» አለች ሩቲ ጣቷን ላፕቶፑ ላይ ቀስራ።

ኤልዳና አላጠፋችውም። ሁለቱ ጓደኛሞች አውሮራ ከተማ ውስጥ በትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው፣ ነገ ወላጆች በተጋበዙበት የሒሳብ ዝግጅት ላይ የሚያቀርቡትን እየጨረሱ ነበር። የደረሳቸው ርዕስ ፈረንሳዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ዴካርት ነው። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ሞተችበት። ያደገው አያቱ ዘንድ ነው። ጤናው ደካማ ስለነበረም በአዳሪ ትምህርት ቤቱ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሳይነሣ እንዲቆይ ተፈቅዶለት ነበር። ይህችን ታሪክ ሩቲ ወድዳታለች፤ «ዕድለኛ!» ብላ ስቃለች።

ያጨቃጨቃቸው የመጨረሻው ስላይድ ነው። ሩቲ «ሁሉንም ብቻውን ተወጣው» ብላ መዝጋት ፈልጋለች። ኤልዳና ደግሞ ሰውየው ያሳደገችውን ሞግዚት ሲረዳ እንደኖረ፣ ሊሞት ሲልም እሷን ለወንድሞቹ አደራ እንደሰጣት አንብባለች።

«ብቻውን አይደለማ!»

«ሶ ዋት? ስለ ሞግዚቱ ማን ግድ አለው?»

ኤልዳና ግን ግድ አላት። እናቷ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ሥራ ስትውል፣ እሷን ያሳደጓት የፒዮሪያ ስትሪት ጎረቤታቸው እማማ ምንትዋብ ናቸው። ሲያተኩሳት አቅፈዋት አድረዋል። ማባዛትንም ምስር እያስቆጠሩ ያስጠኗት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ጠቅልለው ሲያትል ልጃቸው ጋ ይሄዳሉ። ለነገው ግን አልጠራቻቸውም። ሲናገሩ ድምፃቸው አዳራሽ ይሞላል፤ ልጆቹ ፊት ጉንጯን እያገላበጡ እንዳይስሟት ፈርታ ነው። አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብላቸው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም።

ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«እማማ፣ ነገ ከሰዓት ትምህርት ቤት ይመጡልኛል?»

«ምነው? ምን ሆንሽብኝ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ! ሒሳብ ላቀርብ ነው። እንዲያዩኝ ፈልጌ ነው።»

ያ ትልቅ የእማማ ምንትዋብ ድምፅ ቀጠነ። «እኔን ነው? እንግሊዝኛውስ የት ይገባኛል፣ ልጄ?»

ኤልዳና በቤተ መጻሕፍቱ የመስታወት በር በኩል ወደ ሩቲ ተመለከተች። ገና አላማከረቻትም።

«መጨረሻውን በአማርኛ ነው የምናገረው» አለቻቸው።

ከዚያ ተመልሳ ገባችና ወንበሯን ወደ ላፕቶፑ ሳብ አድርጋ ስለ ሞግዚቷ የጻፈችውን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመረች።