የአንድ እጅ ቋጠሮ

ከማዶ ጢስ መውጣት አቆመ።

ጎርፉ የማሻገሪያውን ገመድ በጥሶ ጀልባዋን ከወሰደ ወዲህ፣ በዚህኛው ዳር ያሉ ሰዎች የሽማግሌውን አሻጋሪ ደህንነት የሚያውቁት ከማዶ ካለችው ክፍሉ በሚወጣው ጢስ ነበር። ጢስ ካለ ሰውየው አለ። ዛሬ የለም።

«ማዶ ሐኪም የለ፣ ጎረቤት የለ» አለ ከሰዎቹ አንዱ፣ የመንደሩ አናጢ፣ ድፍርሱን ውሃ እያየ። «መሻገሪያው በታች፣ ገደሉ ጋ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ማን ይገባል?»

«እኔ» አለ ዱሹ።

ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ግን ቆራጣ ክንዱን አዩ።

ዱሹ የአሻጋሪው ልጅ ነው። ጎረምሳ ሳለ የጀልባዋን ገመድ እጁ ላይ ጠምጥሞ ሲጎትት ጎርፍ ነጠቃት፤ ገመዱ ቀኝ እጁን ከአንጓው ይዞት ሄደ። ገመድ በእጅ ላይ አይጠመጠምም፤ የአሻጋሪ ልጅ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባዋል። ከዚያ በኋላ አባቱ ገመድ አላስነካውም። «ባለ አንድ እጅ ገመድ ላይ አይቆምም» ብሎ ሩቅ አገር ልኮ አስተማረው። ዱሹ ግን በሰው አገር፣ በኪራይ ክፍሉ፣ መጽሐፉን ከድኖ በግራ እጁና በጥርሱ ቋጠሮ ሲያስር ከረመ። ቁጭት አላስተኛ አለው። ተመልሶ ሲመጣ አባቱ እስቲ አሳየኝ አላለውም፤ እሱም እዩልኝ አላለም።

አክስቱ ጃንጥላዋን ይዛ ተከተለችው።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ወንድሜ አይደለም እንዴ? ደግሞ ስትወድቅ በየትኛው እጅህ ልትንጠለጠል ነው?»

ገደሉ አፍ ላይ በረዶ ጠበቃቸው። ፊታቸውን ገረፈው። ከራሳቸው በላይ ድንጋይ ተፈንቅሎ እየተንጎደጎደ ሲወርድ ዓለቱ ሥር ተለጠፉ። ሲያባራ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጭቃውን በደረታቸው ተሳቡበት። ከታች አሸዋው ላይ ግንድ ተጋድሟል። ዱሹ ሊረግጠው እግሩን ሲያነሳ ግንዱ አፉን ከፈተ። አክስቱ ጃንጥላዋን ጉሮሮው ውስጥ ወተፈችው፤ አዞው እንደነከሰው ውሃ ውስጥ ተወረወረ።

«ለሠርግህ ያስቀመጥኩት ጃንጥላ ነበር» አለች።

ወንዙ የሚጠብበት ቦታ ላይ፣ ጎርፍ ያመጣውን ለቅመው የሚሸጡ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። የተበጠሰው ገመድ አጠገባቸው ተከምሯል።

«የአባቴ ገመድ ነው።»

«ወንዝ የጣለው ላነሳው ነው» አለ ጠመንጃ የያዘው።

«አባቴ ማዶ ታሞብኛል።»

«የማን አባት የማይታመም አለ?» ሰውየው ቆራጣውን ክንድ አይቶ ፈገግ አለ። «በዚችው በአንዷ እጅህ አስረህ አሳየንና ውሰደው። ስበን ከተፈታ ግን ጫማችሁን አውልቃችሁ ትሄዳላችሁ።»

ዱሹ ተንበረከከ። እርጥቡን ገመድ በዛፍ ግንድ ዙሪያ አዞረ፤ ዱሽ ክንዱን እንደ ካስማ አቁሞ ጠመጠመበት። እዚያ ገመድ የሚበላው ጣት አልቀረም። በጉልበቱ ረግጦ ጫፉን በጥርሱ አሾለከው። ሁለቱ እስኪያልባቸው ሳቡ። ቋጠሮው ይብሱን ከረረ።

«ውሰድና ከፊቴ ጥፋ» አለ ባለ ጠመንጃው።

አንዱን ጫፍ ከዛፉ ጋር እንደታሰረ ለአክስቱ ትቶ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ውሃው ደረቱን እየደበደበው ከቋጥኝ ቋጥኝ እየተጣበቀ ወጣ።

ማዶ ምድጃው ቀዝቅዟል። አባቱ አልጋው ላይ በትኩሳት ይነዳል፤ ቀኝ ክንዱ በቀበቶ ከወገቡ ጋር ታስሯል። ወለሉ ላይ የተቋጠሩ የገመድ ቁራጮች ተበትነዋል።

«አባባ! ክንድዎን ተሰበሩ?»

«አልተሰበርኩም። ራሴ ነኝ ያሰርኩት።» ሽማግሌው ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። «እንዴት እንደምታደርገው ልሞክር ብዬ። አንተን መጠየቅ አፈርኩ። ትኩሳቱ ሲጥለኝ ሳልፈታው ቀረሁ።» አንድ ቁራጭ አነሳለት። «መጨረሻዋ ላይ ትፈታብኛለች።»

ዱሹ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ አሰረ።

«ለካ በክንድህ ነው!» አለ አባቱ።

ዱሹ አባቱን አዝሎ በዚያው ቋጠሮ ከጀርባው ጋር አሰረውና ወደ ገደሉ ወረደ። ውሃው ሲነካቸው አባቱ በጆሮው «ገመዱን እጅህ ላይ እንዳትጠመጥም» አለው።

«የትኛው እጄ ላይ አባባ?»

አባቱ ሳቀ፤ ትንፋሹ የዱሹን አንገት አሞቀው። ከዚያ በኋላ የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር።

አክስቱ ጎትታ አወጣቻቸው። እጇን ወንድሟ አንገት ላይ አሳረፈች። ቆየች። ከዚያ ጭቃው ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች።

«ፍታው ልጄ» አለች። «ሄዷል። ፍታው።»

ኋላ ዱሹ አዲሱን ገመድ ራሱ ዘርግቶ አሻጋሪ ሆነ። ተሳፋሪዎች ጉድለቱ እንዴት ጉልበት እንደሆነው ሲጠይቁት ገመዱን ይስባል። አባቱን አንድ ጊዜ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ «እዩልኝ» ብሎ ቢሆን ኖሮ።

ያን ዕለት፣ አክስቱ «ፍታው» ስትለው፣ ቋጠሮው ጫፉን በጥርስ ሳብ ቢያደርጉት የሚፈታ ነበር። ዱሹ አልሳበውም። አባቱን እንዳዘለ ገደሉን መውጣት ጀመረ።