ጥፍር የሚይዘው ጭረት

አቶ ሣህሌ በፒክአፓቸው መሪ ላይ ተደፍተው ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰመራ ከተማ በዚያ ሰዓት ገና ከቀትር እንቅልፏ አልነቃችም። ያገኘቻቸው ጎረቤት ሻይ ቤት ያላት ኸሊዳ ናት፤ ውሃ ይፈልጉ እንደሆን ልትጠይቅ ጠጋ ብላ የተመታ ራሳቸውን ስታይ ጩኸቷ አስፋልቱን ተሻገረ። መኪናው የቆመው ከማሉዲን ደጃፍ ነበር። ከማሉዲን ከወሎ መጥቶ የመኪና መስታወት ጭረት እየወለወለ የሚኖር ሰው ነው። ፖሊሶች ከዳሱ ጀርባ ተኝቶ አገኙትና ካቴና አስገቡለት። ሚስቱ ሀምዳ በሩ ላይ ተቀመጠች።

ኢንስፔክተር መንበረ የደረሰችው ከሰርዶ መንገድ ነው። እዚያ ሐሙስ ዕለት አንድ መኪና ገጭቶ ያመለጣቸውን ሽማግሌ ቃል ስትቀበል ነበር የዋለችው። አቧራ ለብሳለች፤ ተቆጥታለችም። በዚያ ሙቀት የማይቆጣ ሰው ካለ አሳዩኝ።

«ማን ምን አየ?»

«እኔ» አለ የአቶ ሣህሌ ሾፌር ካሚል። «ሰባት ሰዓት ላይ ሳልፍ ከማሉዲን መስታወቱን ሲያሽ፣ ጋሼ ደግሞ ከውስጥ ሲቆጡት አይቻለሁ።»

«ውሸት ነው!» አለ ከማሉዲን። «የተቆጡት ትናንት አመሻሽ ነው። አንዷን ጭረት አልነካም ስላቸው ተናደዱ፣ መኪናውን ትተው ሄዱ። ዛሬ ወላሂ አላየኋቸውም፤ እሳቸው እስኪመጡም ሥራውን አልጀመርኩም።»

«ለምን አልነካም አልክ?»

«ጥፍር ይይዛላ! አሸዋ የጫረውን ቀላሉን አጠፋለሁ። ጥፍር የሚይዘው ግን ጥልቅ ነው፤ እሱን ብወለውል መስታወቱ ይጎደጉድና ሾፌሩ መንገዱ ጠማማ ሆኖ ይታየዋል። ይሄ የብረት ነው፣ ተዉት አልኳቸው።»

መንበረ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። ከማሉዲን ከውጭ ሲወለውል እንዳይጠፋበት ምልክቱን የሚያደርገው ከውስጥ በኩል ነው። የዝናብ መጥረጊያው አሸዋ እየጎተተ የጫራቸው ቦታዎች በማርከር ተከብበዋል፤ አንዳቸውም አልተነኩም። ያልተከበበች አንዲት ረጅም ጭረት ግን ነጭ ነገር ደርቆባታል። በጥፍሯ ዳሰሰቻት፤ ጭረቷ ጥፍሯን ያዘችው። ነጩን ነገር አሸተተችው። ከዚያ የመወልወያ ዱቄት የያዘውን የከማሉዲንን ሳህን አየች፤ ዱቄቱ ቀላ ያለ ነው።

«ሀምዳ፣ ባልሽ በስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?»

ሀምዳ ወደ ባሏ አየች። ምን ብትል ያድነዋል? ምን ብትል ይገድለዋል? አንዲት ቃል ብትስት ባሏን በገዛ አፏ የምታሳስረው መሰላት።

«ንገሪኝ እንጂ እህቴ።»

«ጎህ ሲቀድ… እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ። ፀሐይ የመታው መስታወት ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል ይላል።»

«እውነቷን ነው» አለች ኸሊዳ። «ከረፋድ በኋላ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።»

አስራ አንድ ሰዓት ላይ መንበረ ሁሉንም በፒክአፑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ነፋስ እንኳ አልነበረም፤ ሀምዳ በሩ ላይ እንደተቀመጠች ታያቸዋለች።

«ከማሉዲን ገዳይ ቢሆን እንኳ» አለች መንበረ፣ «በቀትር መስታወት አያሽም። ምልክት ያደረገባቸውን ትቶ አልነካም ያለውን አይነካም። ዱቄቱም ቀይ ነው፤ እዚህ የደረቀው ግን የጥርስ ሳሙና ነው። ስለዚህ ያሸው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ከጭረቶቹ ሁሉ ይህቺን ብቻ ለምን ፈራ? የሰርዶው ሽማግሌ ሲወድቁ ጫፉ ብረት በለበሰ ዱላቸው የገጫቸውን መኪና መስታወት እንደጫሩ ዛሬ ነግረውኛል። ሐሙስ ይህን መኪና ይዞ የነበረው ማን ነው?»

ኸሊዳ አንድ እርምጃ ወደ መንበረ ተጠጋች።

«ካሚል» አለች ኸሊዳ ቀስ ብላ። «ሐሙስ ከሰርዶ መጣሁ ብሎ እኔ ጋ ሻይ ጠጥቷል።»

«አቶ ሣህሌ ሰርዶ ላይ ሰው መገጨቱን ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ጭረቷ ‹የብረት ነው› ሲባሉ ነገሩ ገባቸው» አለች መንበረ ወደ ካሚል ዞራ። «ዛሬ እዚሁ አፋጠጡህ። ገደልካቸው። ጭረቷን ግን ምን ታደርጋት? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በጥርስ ሳሙና አሸሃት፤ አልጠፋ ሲልህ የገዛ ሥራህን ለከማሉዲን ሰጠኸው። ቦርሳውን ፈትሹት።»

ፖሊሱ ከቦርሳው ተጨምቆ ያለቀ የጥርስ ሳሙና አወጣ። ካሚል መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ፖሊስ ጋ እንሂድ አሉኝ» አለ። «ፈራሁ… ፈርቼ ነው።»

ካቴናው ከከማሉዲን እጅ ወደ ካሚል እጅ ዞረ። ከማሉዲን ወደ ሚስቱ ሄደ። ሀምዳ አልተነሳችለትም።

«እኔም ጠርጥሬህ ነበር» አለችው ቀና ሳትል። «ፖሊሶቹ ቀስቅሰው ሲያወጡህ መጀመሪያ ያየሁት እጅህን ነው። ደም ይኖረው ይሆን ብዬ።»

ከማሉዲን አጠገቧ ተቀመጠና ካቴናው የላጠውን አንጓውን ሲዳስስ ቆየ።

«አውቃለሁ» አላት። «ፖሊስ ሲይዘኝ አልፈራሁም። የፈራሁት አንቺ እጄን ስታዪ ነው።»