የጋሼ ለይኩን ፈተና

«ማረሻ፣ ሎሚ፣ ድልድይ፣ ሻማ፣ ግመል» አለች ሃይሚ ከወረቀቱ ላይ እያነበበች። «እስቲ ይድገሟቸው፣ ጋሼ።»

አጎቷ ለይኩን አምስቱንም ደገማቸው። ጎንደር ተወስዶ የጭንቅላት ዕጢ ከወጣለት ሁለት ወር አልፎታል። አእምሮው በደንብ መመለሱን ለማወቅ ሐኪሙ የጥያቄ ወረቀት ሰጥቶ ሸኝቶታል፤ ወደሚነዳው ትራክተር መመለሱም የሚወሰነው በዚሁ ውጤት ነው። በየሳምንቱ የምትፈትነው ሃይሚ ናት። እናቷ «ይችስ ለአጎቷ ስትሳሳ!» ትላለች። ሆድ ይፍጀው! ሃይሚ እንዲድን የምትፈልገው ለሌላ ነው።

ዓምና የስምንተኛ ክፍል ውጤቷን እንዲያይ ገንዳ ውሃ ከተማ የተላከው ለይኩን ነበር። «ወድቃለች» ብሎ ተመለሰ። ሃይሚም ዓመቱን ሙሉ ኮኪት ባለው እርሻቸው ላይ ሰሊጥ ስታርምና ስታጭድ ከረመች። ዘንድሮ በፋሲካ ሰሞን ግን ጓደኛዋ መጂዳ ከትምህርት ቤት ሰርተፍኬቷን ይዛላት መጣች፤ ሰባ ስምንት! ለአባቷ ልትናገር ስትል ለይኩን ታሞ ወደቀ። ብትናገርስ? «ጭንቅላቱን አሞት ተሳስቶ ነው» ብለው ይተዉታል። ስለዚህ እስኪድን ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

«አሁን ደግሞ በአንድ ደቂቃ የቻሉትን ያህል እንስሳ ይጥሩልኝ።»

«ወይኖ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ ዳለቻ…»

«ጋሼ! የበሬዎቻችንን ስም አይደለም እኮ!»

ማጭድ የሚሞርደው አባቷ ፈረደ ሳቀ። ለይኩንም ሳቀና ከፍየል እስከ ጅብ ዘረዘረ። ሃይሚ አልሳቀችም።

የመጨረሻዋን ጥያቄ የሚመርጠው ቤተሰብ ነው፤ ባለፈው ዓመት ስለሆነ ነገር። እስከ ዛሬ ስለ ሠርግና ስለ ዝናብ ስትጠይቀው ቆይታለች።

«ዓምና ገንዳ ውሃ ሄደው ያዩት ውጤቴ ስንት ነበር?»

ሞረዱ ቆመ። ለይኩን ወንድሙን ሰርቆ አየው። «እሱስ ጠፍቶኛል፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ‹አላስታወሰም› ብዬ ልጻፍ? ትራክተሩ ይቀራላ።» ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አላት።

«ቆይ!» ላቡን ጠረገ። «ሰባ… ሰባ ስምንት።»

ፈረደ ማጭዱን ጥሎ ተነሳ። «ወድቃለች አላልከኝም?»

«የአረም ጊዜ ነበር… ሰው አልነበረንም…»

ሃይሚ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። አንድ የሐሰት ቃል ብትጽፍ ትራክተሩን ዳግም አይነካውም። እጇ ሊጽፈው ቃጣ። ግን በሽተኛ ካለችው ውሸቱም በበሽታው ይሳበብለታል። የለም፣ አይሳበብለትም።

«በትክክል መልሷል» ብላ ጻፈች።

«ጭንቅላትዎ ድኗል፣ ጋሼ። ሙሉ ውጤት ነው ያገኙት» አለችና ወረቀቱን ለአባቷ ሰጠችው።