ተራራው በተዘጋ ዓመት

ናጅዋ ረድዋንን የወደደችው «አላውቅም» ያለ ቀን ነው።

በ2003 ዓ.ም. በጋ፣ ከጀውሃ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ የልማት ሠራተኛው ረድዋን ገበሬዎቹን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ዝናቡ ለምን እንደሚዘገይ፣ ሲመጣም ለምን ማሳ ጠርጎ እንደሚሄድ አስረዳ። አየሩ እየሞቀ ነው፤ ራቁቱን የቀረው ተራራም ውኃ መያዝ አቅቶታል። መፍትሔው ተራራውን ከከብት መከለልና እርከን መሥራት ነው አለ።

ናጅዋ ተነሳች። «ተራራው ቢዘጋ፣ የጠፋው ጅግራ ይመለሳል?»

ረድዋን «አላውቅም» አለ። «ሣሩና ቁጥቋጦው ግን ይመለሳል። መደበቂያ ካገኘ፣ ምናልባት እሱም።»

ሁሉን አውቃለሁ ባይ ስንቱን ሰምታለች፤ ይህኛው ልቧን ወሰደው። ተራራው ተዘግቶ እርከን ሲሠራ ድንጋይ እያቀበለችው፣ ዓይኖቻቸው እየተጋጩ፣ ሳይነጋገሩ ተግባቡ።

ሽማግሌ ላከ። ምን ያደርጋል፣ ቀኑን አላወቀበትም። ያን ዕለት ጠዋት የአባቷ የአብዱረሂም ፍየሎች የተከለለው ተራራ ውስጥ ገብተው፣ ጥበቃዎቹ ይዘው አስረዋቸው ነበር።

«መሰማሪያዬን ዘጋ፤ ፍየሎቼን አሳሰረ፤ አሁን ደግሞ ልጄን?» አሉ አብዱረሂም። ሽማግሌዎቹ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

«አባዬ፣ ተራራው ይዘጋ ሲባል እኔም እጄን አውጥቻለሁ» አለች ናጅዋ።

አብዱረሂም ብዙ ጊዜ አኮረፏት። እሷም ተስፋ ቆረጠች።

በተከታዩ ነሐሴ፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ በጣርማ በር በኩል ጠቁሮ ዶፍ ወረደ። አባትና ልጅ ማሾ ማሳቸው ዳር ቆመው ጎርፉን ጠበቁ። ሌላ ጊዜ ድንጋይ እያንከባለለ ነበር የሚመጣው። ዛሬ ግን ዝግ ብሎ መጣ፤ በቦዩ አለፈ። ማሾው እንደቆመ ቀረ።

አብዱረሂም «አልሐምዱሊላህ» ብለው እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ረድዋን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ እየሮጠ ደረሰ። «ጋሼ፣ ማሳው ተረፈ?»

ቀና ብለው አላዩትም። «ሽማግሌዎችህ ቤቴ ጠፋባቸው እንዴ?»

«አንቱን ፈርተው ነው።»

«ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይምጡ በላቸው።»

ናጅዋ ከደስታዋ ብዛት ዕንባዋ መጣ። ረድዋን ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ዞሮ ወደ መንደሩ በረረ። ገና ሰኞ መሆኑን ልትነግረው አፏን ከፈተችና ተወችው። ይሩጥ።