በሲሊንደሩ ውስጥ የነበረው አየር

ሩድሰልን አሥራ ስምንት ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በባሕሩ ወለል ያለውን የኮራል አለት ተንተርሶ ያገኘው ጀልባ ነጂው ሲክስቶ ነበር። መተንፈሻው ከአፉ ወልቋል፤ በጀርባው ያዘለው ሲሊንደር ግን ገና ግማሽ አየር ነበረው።

ኢንስፔክተር ሉድቪና አስከሬኑን በቦኔር ደሴት ወደብ ላይ ገልጣ አየችው። የሰመጠ ሰው ከንፈር ይጠቁራል፤ የሩድሰል ደማቅ ቀይ ነበር። ሲሊንደሩን ከፍታ አሸተተች። የሞተር ጭስ!

ደሴቱ ግን ፈርዶ ጨርሷል። ሲሊንደሩን የሞላው ታናሽ ወንድሙ ኤልድሪክ ነው፤ በዋዜማው ተጣልተዋል፤ በዕለቱም አብሮት አልጠለቀም።

«ለምን ቀረህ?» አለችው ኤልድሪክን።

«ሞልቼ ስጨርስ ራሴን ሊፈልጠኝ ደረሰ። አስታወከኝም።»

«ቀን ጠብቆ የሚመጣ ራስ ምታት!» አለ ሲክስቶ ምራቁን እየተፋ።

ሉድቪና አልሳቀችም። «የአየር መሙያው ማሽን የት ነበር?»

«ከሩድሰል ጓሮ ግንብ ጀርባ። ሩድሰል ያዛወረው መስሎኝ… ተኳርፈን ስለነበር አልጠየቅኩትም።»

የሩድሰልን ቤት ጓሮ ዞረች። የማሽኑ ጎማ አሸዋውን እየሰነጠቀ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር እስከ ግንቡ ጀርባ ሄዷል። ከጎኑ ጠባብ የሰንደል ጫማ ዱካ አለ። በመስኮቱ ውስጥ አንድ ሕፃን በሰላም ተኝቷል።

ከቀብሩ በኋላ ሦስቱን ጓሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሩድሰል ሚስት ሚሩሻ ኤልድሪክን ላለማየት ፊቷን አዙራለች።

«የገዳዩን ስም ከአፍዎ ልስማ፣ ኢንስፔክተር» አለች።

«ሩድሰልን የገደለው ጭስ ነው» አለች ሉድቪና በቀስታ። «ማሽኑ መስኮቱ ሥር ሳለ ነፋሱ ጭሱን ከማሽኑ አርቆ ወደ መኝታ ቤቱ ይወስደው ነበር። ከግንቡ ጀርባ ግን ነፋስ የለም፤ ማሽኑ የራሱን ጭስ እየሳበ ሲሊንደሩን ሞላው። ኤልድሪክንም ያመመው እሱው ነው። አውቆ ቢሆን ኖሮ እዚያ ቆሞ ባልተነፈሰው። ታዲያ ማሽኑን ማን ገፋው?»

ቀጣዩን ጥያቄ ላለመጠየቅ ሥራዋን ብትለቅ በወደደች።

«እህቴ፣ ልጅሽ ማሳሉን የተወው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ…» ሚሩሻ አፏን በእጇ ያዘች። «ጭሱ ልጄን ሊገድልብኝ ነበር! ገፋሁት… ለሩድሰል ልነግረው ነበር እኮ። በዚያ ማታ ደክሞት ተኛ፤ አሳዘነኝና ተውኩት።»

አሸዋው ላይ ተቀመጠች። በቀብሩ ላይ የረገመችው ኤልድሪክ አጠገቧ ተቀምጦ ራሷን ደረቱ ላይ አስደገፋት። ሲክስቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እሰሩኝ እንጂ!» ጮኸች። «ምን ትጠብቃላችሁ?»

«የሚታሰር ሰው የለም፣ እህቴ።»

ሚሩሻ ሁለቱን እጆቿን እንደዘረጋች ቀረች።