መርፌው ላይ ያልነበረችው ንብ

እንድታምኑኝ አልለምናችሁም። ግን ሆኗል... በእኔው ላይ።

ሰኔ 12፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ውጭ ዝናብ ነበር።

የምሠራው ሙዚየም ውስጥ ነው፤ የነፍሳት ናሙና እመዘግባለሁ። ከእያንዳንዷ ንብ ሥር፣ መርፌው ላይ፣ ጥፍር የምታህል ወረቀት አለች። ቦታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስም። ወረቀት የሌላት ንብ ለእኛ ምንም ናት።

የዚያን ቀን የከፈትኩት የአምለሰትን የመጨረሻ ሳጥን ነበር።

አምለሰት እጮኛዬ ነበረች። የምትሰበስበው ከጉንዳን የማይበልጡ ጥቁር ንቦችን ነው። የራሳቸው ጎጆ የላቸውም። የሌላ ንብ ጎጆ ውስጥ፣ ባለቤቷ እስክትወጣ ጠብቀው ይገቡና እንቁላላቸውን ጥለው ይሄዳሉ።

ሚያዝያ 20 እንጦጦ አብሬያት እንድወጣ ለመነችኝ። መዝገብ አለብኝ አልኳት።

"በቃ አንተ ወረቀትህን አግባ" ብላኝ ወጣች።

በዚያው ቀን ገደል ውስጥ ሞታ አገኟት። ንብ የምትይዝበት መረቧ ግን አልተገኘም።

ተቀይማኝ ሄዳ ይሆን? ከዚያ ወዲህ ማወቅ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋ ወረቀት፦ እንጦጦ፣ ሚያዝያ 14።

ቀጣይዋ፦ ሲ.ኤም.ሲ፣ ግንቦት 2።

ግንቦት...?

የቀን አቆጣጠር ስህተት ነው አልኩ። ለመዝገቡ ወደ ፈረንጅ ስንቀይር ሁሌም እንሳሳታለን። ግን ወሩ በአማርኛ ነው የተጻፈው። በእሷ እርሳስ፣ በእሷ የእጅ ጽሑፍ።

ከዚያ፦ አያት፣ ሰኔ 5።

እኔ የምኖረው አያት ነው።

ኃላፊያችንን ጋሽ ኃይለጊዮርጊስን ጠራኋቸው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ።

"ማን ከፈተው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እኔ። አሁን።"

"ይሄ ሳጥን እኮ ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ ዛሬ እስክሰጥህ ድረስ ታሽጎ እኔ ጋ ነበር፣ ልጄ።"

የመጨረሻው መርፌ ላይ ንብ አልነበረችም። ወረቀት ብቻ።

አያት፣ አራተኛ ፎቅ፣ መኝታ ቤት። ሰኔ 12፣ 11 ሰዓት።

ሰብሳቢ በሚለው ቦታ ሁለት ስም አለ። የእሷና... የእኔ።

"አትሂድ" አሉኝ።

ከመገናኛ በባቡር ሄድኩ። ሰው እየገፋሁ ነበር የተሳፈርኩት። አልዋሻችሁም፤ ያስቸኮለኝ ፍርሃት አልነበረም።

በሩ እንደቆለፍኩት ነው። መስኮቱም ዝግ ነው።

"አሚዬ..." አልኩ።

ልክ 11 ሰዓት ሲሆን ወደ መኝታ ቤቱ ገባሁ።

ትራሴ ላይ መረቧ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጣብቆበታል፤ ውሃ ያንጠባጥባል። ውስጡ አንዲት ጥቁር ንብ ትንፏቀቃለች።

እጀታውን ያዝኩት።

ሙቀት ነበረው... ልክ አሁን ከሰው እጅ እንደተቀበልኩት።