«ቀላል ናት» ያለው ማንን ነው?

«እህት፣ እባክሽ መካኒኩን ጥሪልኝ» አላት አዲሱ የበረራ አስተማሪ።

«ጠርተኸዋል» አለችው ግራሶ የነካውን እጇን እየጠረገች።

የሚገባበት ቀዳዳ አጣ!

የበረራ ትምህርት ቤቱ ለጀማሪ ተማሪዎች የምትሆን ትንሽ አውሮፕላን ሊገዛ፣ ሁለት ለሙከራ አስመጥቶ ነበር። ምረጡ የተባሉት እሱና እሷ ናቸው። አንደኛዋ ፈጣን፣ መልከ መልካም፣ ስታርፍ ግን አስቸጋሪ፤ ሌላዋ ዝግ ያለች፣ የተማሪን ስህተት የምትችል። ሦስት ሳምንት አብረው በረሩ። እሱ ያበራል፣ እሷ ትመዘግባለች። አንዳንዴ ዓይኗ ከቁጥሩ ሸሽቶ እጁ ላይ ያርፋል። «ምን ነካኝ?» ትላለች ለራሷ።

አንድ ረፋድ የሙከራውን ወረቀት ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ስትሄድ፣ በሩ ገርበብ ብሎ የአስተማሪውን ድምፅ ሰማች።

«ጥሩ ናት፤ ግን ቀላል ናት። ለመጀመሪያ ትሆናለች እንጂ ዕድሜ ልክ አብረዋት አይኖሩም።»

ኃላፊዋ ሳቁ።

ሳትገባ ተመለሰች። ስለ አውሮፕላኗ ነው? ወይስ ስለ እኔ? ትናንት እኮ ኃላፊዋ «እናንተ ልጆች አንድ ነገርማ አላችሁ» ብለው ቀልደውብናል!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጋችው። እሱ ግራ ገባው። እሷም ግራ ገባት... ስትናደድ ይናፍቃታል፣ ሲናፍቃት ትናደዳለች። በሳምንቱ የዝውውር ማመልከቻ አስገባች።

ይህን ሲሰማ አውሮፕላኖቹ ወደሚጠገኑበት ሃንጋር እየሮጠ መጣ።

«ምን በደልኩሽ?»

«ቀላል ናት አላልክም?»

«ማን?»

«እኔ ነኛ!»

«እንዴ! ስለ አውሮፕላኗ እኮ ነው! ባዶዋን ሦስት መቶ ኪሎ አትሞላም!»

ካቻቢቴው ከእጇ ወደቀ።

«ስለ እኔስ... ምንም አላልክም?»

«ኃላፊዋ ጠይቀውኝ ነበር።»

«ምን አልካቸው?»

«ከባድ ናት አልኳቸው። ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን ማሳረፍ ይቀለኛል፣ እሷን እወድሻለሁ ከማለት።»

ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት።

«አሁን እኮ አልከው!»

«አልኩት እንዴ?»

በማግስቱ ማመልከቻዋን አስመለሰች። ትምህርት ቤቱም ዝግ ያለችዋን ገዛ።

ከወራት በኋላ አናጺው አባቷ ፊት ይዛው ቀረበች።

«አንተ ሰማይ ላይ፣ ልጄ መሬት ላይ፤ የት ልትገናኙ ነው?» አሉት።

እሷ ቀደመችውና «አባዬ፣ እኔም ግራ ገብቶኝ ነው የከረምኩት። ግን እሱን ነው የምፈልገው» አለች።

አባቷ በእጃቸው የሠሩትን ወንበር ሳቡለት።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ልጄ።»